የለገሃር ጣቢያን በሞዴል ለመሥራት የትኛው ቁስ ይሻላል?

ጥያቄ፤ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀውን የለገሃር ባቡር ጣቢያ ሕንፃ በ1 ለ87 መጠን አሳንሼ ለመሥራት ተነሥቻለሁ። ያነበብኳቸው መመሪያዎች ግን አይስማሙም፤ የቆዩት ካርቶንና እንጨት፣ ቀጥለው የመጡት ፕላስቲክ፣ የቅርቦቹ ደግሞ ስሪዲ ፕሪንተር (ዕቃን በኮምፒውተር ንድፍ እየደራረበ የሚሠራ ማሽን) ይላሉ። ካርቶንና እንጨት ጊዜ አልፎባቸዋል ማለት ነው? በቅርቤ የሚገኘው ካርቶን፣ የእንጨት ኮላና ጀሶ ስለሆነ ከመጀመሬ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ፤ ከደብረ ሲና

ጊዜስ አላለፈባቸውም፤ የተለወጠው የሥራ ድርሻቸው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ፋብሪካዎች ቀለም የታተመበት የቆርቆሮ ጣቢያ ሲሸጡ፣ በእጁ የሚሠራው ሰው የጡብ ሥዕል ያለበትን ወረቀት በካርቶን ወይም በእንጨት ላይ ይለጥፍ ነበር። ግድግዳው ከሩቅ ጡብ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ልሙጥ ነው። ፕላስቲክ ያሸነፈው በዚህ ነው፤ ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ ቀልጦ በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ሲገባ የእያንዳንዱን ጡብ መጋጠሚያ ይዞ ይወጣል። በአሜሪካ ባክማን የሚባለው ኩባንያ ፕላስቲክቪል የተባሉትን የሞዴል ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1947 ማውጣት ጀመረ፤ በጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው ፋለር የሚባል ኩባንያ በዚሁ ሥራ ስም አተረፈ። ይሁን እንጂ የብረት ቅርጹ ውድ ስለሆነ፣ በብዛት የማይሸጥ ሕንፃ በዚህ መንገድ ቢሠራ ወጪውን አይመልስም። ያን ክፍተት በሲሊኮን ጎማ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ሬዚን የሚባል ሙጫ፣ ኋላም በሌዘር ጨረር የሚቆረጥ ስስ እንጨት ሞሉት፤ እንዲያውም እንጨትና ካርቶንን መልሶ ያከበራቸው ሌዘር ነው።

እኔ ብሆን አካሉን ከ2 ሚሊ ሜትር ካርቶን ሠርቼ ማዕዘኖቹን ከውስጥ በቀጭን እንጨት አጠናክራለሁ። የድንጋይ ገጽ ላለበት ክፍል ጀሶውን በስሱ ይቀቡና ጠጠር ማለት ሲጀምር መጋጠሚያውን በመርፌ ይጫሩ፤ ከቸኮሉ ጠርዙ ይፈርሳል፣ ከዘገዩ ይሰነጠቃል። የመንዝን የድንጋይ ቤቶች ልብ ብሎ ያየ ሰው የድንጋዩን መጋጠሚያ በማስመሪያ አያሰምርም።

መልስ፤ ከሸዋ ሮቢት

በካርቶኑ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የደብረ ብርሃን ክረምት እርጥብ ስለሆነ ጀሶ ከመቀባትዎ በፊት የካርቶኑን ሁለቱንም ገጽ ቫርኒሽ ይቀቡት። አንዱን ገጽ ብቻ ከቀቡት ይጎብጣል።

ስሪዲ ፕሪንተርን ግን አይናቁት። ፕላስቲክ እያቀለጠ የሚደራርበው ዓይነት በግድግዳ ላይ የደረጃ መስመር ይተዋል፤ ፈሳሽ ሬዚንን በብርሃን የሚያጠነክረው ግን ጥቃቅን ቅርጽ በጥራት ያወጣል። ከጣቢያው ፊት ለፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በካርቶን ልሥራ ማለት ድካም ነው፤ እሱን ብቻ አዲስ አበባ ላይ ቢያሳትሙ ይበቃል።

ለመጋዘን ጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮ መግዛት አያስፈልግዎትም። የእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 0.87 ይሆናል። የ5 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርስ ርቀቱ 0.8 ስለሆነ፣ የአሉሚኒየም ፎይል በወፍራም ወረቀት ላይ ዘርግተው ብሎኑን ጫን አድርገው ቢያንከባልሉበት ሞገዱ ይወጣል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጣቢያው ፊት የማነጥፈው ሐዲድ በዚህ መጠን የተለመደው 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቢሆን ያስኬዳል?

መልስ፤ ከደብረ ሲና

አያስኬድም። የድሮው የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በ1 ለ87 ሲሰላ 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ለዚህ የሚሸጠው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። በ16.5ቱ ላይ የቆመ ባቡር ከጣቢያው ጋር አይመጣጠንም።