አዲስ ልስን ላይ ምን ይቀባ? (ጅማ)

ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ። ቆጪ አካባቢ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት እየጨረስን ነው። የውስጥ ልስኑ ያለቀው ሐምሌ 20 ነው፤ ዛሬ ነሐሴ 12። ለእንቁጣጣሽ እንገባለን ብለን ለልጆቹ ቃል ገብተናል። የቀረን የግድግዳው ነገር ነው፣ በሱ ላይ ግን አልተስማማንም።

ባለቤቴ ሁሉም ስቱኮ (ልስኑን የሚያለሰልሰው ስስ ቅብ) ተደርጎ ዘይት ቀለም ይቀባ ይላል። በጨርቅ ይወለወላል፣ የልጆች እጅ አይታይበትም ባይ ነው። እናቴ ደግሞ «እናንተን በኖራ ቤት አይደል ያሳደግኳችሁ?» ትላለች።

እኔን የሚያስፈራኝ እርጥበቱ ነው። እስከ አምና የተከራየነው ቤት መኝታ ክፍሉ ዘይት ቀለም ነበር። ክረምት ሲገባ በአልጋው ራስጌ በኩል ቀለሙ እንደ ተቃጠለ እጅ ውሃ ቋጠረ። በጣቴ ስነካው ተላጠ፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጣ። አልጋውን ስንስበው ግድግዳው በሻጋታ ጠቁሯል። ትንሹ ልጄ ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ከረመ። ያ እንዲደገምብኝ አልፈልግም።

ሌላው የቡናው ጥግ ነው። እኛ ቤት በቀን ሁለቴ ይፈላል። የቡና መቁላቱና የከሰሉ ጭስ ግድግዳውን ያጠቁሩታል፤ እዚያ ጋ የማይታጠብ ቀለም አይሆነኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ቀለም ቀቢ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ከቀለሙ በፊት ቀኑን እንይ። የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይፈልጋል፤ ያንቺ ገና 22 ቀኑ ነው። ያውም በጅማ ክረምት! እኛ ጋ ዝናቡ መስከረም ጠባ ብሎ አያቆምም።

ዘይት ቀለም ግድግዳውን ይዘጋዋል። ውስጥ የቀረው ውሃ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ይገፋዋል። አዲስ ሲሚንቶ ራሱም ዘይት ቀለም ይበላል። ያየሽው ነጭ ዱቄት ውሃው ይዞት የወጣ ጨው ነው።

እንዲህ አድርጊ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጊ። በማግስቱ ከውስጥ ጤዛ ካለው አልደረቀም፣ ማንም ቢጎተጉትሽ እንዳትቀቢ። ሲደርቅ ፕላስቲክ ቀለም ይበቃሻል። የመጀመሪያው እጅ በውሃ ቀጠን ይበል፣ ልስኑ ይጠጣዋል። ከዚያ ሁለት እጅ።

መልስ፦ የሂርማታ ልጅ

እናትሽ ልክ ናቸው። ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሳል፣ ሻጋታም አይወደውም። ዋጋውም ቀላል ነው። ግን ልብስ ይነካል። ደግሞ ነገ በላዩ ፕላስቲክ ቀለም ልቀባ ብትይ፣ በደንብ ካልተፋቀ አይዝልሽም። ስለዚህ ኖራ ካልሽ በኖራ ቀጥይ።

መልስ፦ ቤት ከሠራ ሁለት ዓመቱ

እኔ ስቱኮ አስደርጌያለሁ፤ ሳሎን ላይ ያምራል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ጂፕሰም ያለበት ነገር ውሃ አይችልም። ሻወርና ወጥ ቤት እንዳታስገቢው። ለቡናው ጥግ እኛ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ ድረስ ሴራሚክ አስለጠፍን። ጥላሸቱ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ከበላዩ ያለው ግድግዳ ግን በየዓመቱ አንድ እጅ ይጠይቃል፣ ጭሱ ወደ ላይ ነውና።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላስቲኩን ትናንት ማታ ሦስቱም ክፍል ለጠፍኩ። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ሳሎን ትንሽ እንፋሎት ብቻ ነበረው። የጓሮው መኝታ ክፍል ግን ላስቲኩን ስገልጠው ውሃው እጄ ላይ ተንጠባጠበ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። ዝም ብሎ ቆየና «ዘይት ቀለሙ ይቅር» አለ።

ለልጆቹ የገባነውን ቃል ግን አናጥፍም። ቀለም ሳይቀባ ብንገባ ግድግዳውን እንጎዳዋለን?

መልስ፦ ቀለም ቀቢ

ምንም አይሆንም፣ ግቡ። እንዲያውም ይሻለዋል። ዝናብ ባባራ ቁጥር መስኮት ክፈቱ። አልጋና ቁምሳጥን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቁ። ጥር ላይ ላስቲኩን ድገሚው፣ ከደረቀ ያኔ ትቀቢያለሽ። ልጆቹ እስከዚያ በጠመኔ ይሳሉበት፤ ከመቀባቱ በፊት በብሩሽ ይለቃል።