ኒዮን ቴትራ ከአዲስ አበባ ጅማ ሲደርስ ለምን ይሞትብኛል?

ፎቶ ቤት ጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። ደንበኛ ተራ ሲጠብቅ እንዲያየው ብዬ መግቢያው ላይ 120 ሊትር አኳሪየም አስቀምጫለሁ። ጉፒዎቼ ጤነኞች ናቸው። ይወልዳሉ፤ ጫጩቶቻቸውን ለሰፈር ልጆች እሰጣለሁ። አልሆን ያለኝ ኒዮን ቴትራ ነው።

ኒዮኖቹን የማዘው አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ነው። ማለዳ በፌስታል ታስረው አውቶቡስ ላይ ይጫናሉ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላቸዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ሲደርሱ ቀለማቸው ይደበዝዛል እንጂ በሕይወት አሉ፣ ይዋኛሉ። ከዚያ ፌስታሉን አኳሪየሙ ላይ አንሳፍፋለሁ፣ አፉን እከፍታለሁ፣ የእኔን ውሃ በስኒ ጥቂት በጥቂት እየጨመርኩ አንድ ሰዓት ያህል አላምዳቸዋለሁ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ እንዲህ አድርግ ነው ያለኝ።

የሚገርመኝ ግን ገና ፌስታሉ ውስጥ እያሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ። ማታ ጥግ ይይዛሉ። ጠዋት ሱቁን ስከፍት ግማሾቹ ሞተዋል። የተረፉትም ምግብ አይነኩም፤ ተራ በተራ ያልቃሉ።

ውሃዬ የቧንቧ ነው። ክሎሪኑን የማጠፋው በሃይፖ ነው፤ አባቴ ፊልም ያጥብ በነበረበት ጊዜ የተረፈ ነጭ ክሪስታል አለን። ሙቀቱ 25 ዲግሪ። በጠብታ መመርመሪያ ስለካው ፒኤች 7.4፣ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ።

«የጅማ ውሃ ለኒዮን አይሆንም» የሚሉኝ አሉ። መቀበል ከብዶኛል። ኒዮን የአማዞን ዓሣ ነው፤ ዝናብና ደን ካለበት አገር የመጣ። ያን ሰማያዊ መስመር በጣም እወደዋለሁ። ግን እንዲሞት ብዬ ዓሣ ማዘዝ አልፈልግም። ምክንያቱን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ካልሆነ ማዘዙን አቆማለሁ።

የቦሌው፦
አንድ ሰዓት ያንሳል ወንድሜ። ኒዮን ስስ ዓሣ ነው። እኔ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ሦስት ሰዓት ነው የማላምደው። አንድም አይሞትብኝም።

የሰበታው፦
የቦሌው፣ አንተ ከሱቅ እቤትህ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብህ ነው። ለዚያ ያንተ ዘዴ ጥሩ ነው። የጅማው ወንድማችን ዓሣ ግን ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል። በእኔ እምነት የሚገድለው ራሱ ማላመዱ ነው።

ላስረዳ። ዓሣ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ አሞኒያም ያወጣል። በታሰረ ፌስታል ውስጥ ሁለቱም ይጠራቀማሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ፒኤቹ ይወርዳል። በዝቅተኛ ፒኤች ደግሞ አሞኒያው ከሞላ ጎደል በሙሉ አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣል፤ አሞኒየም ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ ዓሣው በዚያ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ሆኖ በሕይወት ይደርሳል።

አሁን የፌስታሉን አፍ ስትከፍት ጋዙ ይወጣል። ፒኤቹ ይነሳል። 7.4 የሆነ ውሃህን ስትጨምርበት ይብስ ይነሳል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ከፍ ሲል መርዛማው አሞኒያ 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ውሃው ያው ነው፣ አሞኒያውም ያው ነው፤ የተለወጠው መርዝነቱ ነው። አንተ በትዕግሥት ስኒ እየጨመርክ ሳለ ዓሣው መተንፈሻው እየተቃጠለ አንድ ሰዓት ይቆያል። ወደ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍተውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ሞክር። የሳሎኑን ወይም የሱቁን መብራት ቀንስ። ፌስታሉን እንደታሰረ 20 ደቂቃ አንሳፍፈው፤ ሙቀቱ ይመጣጠን። ከከፈትክ በኋላ አትዘግይ። ባልዲ ላይ መረብ ይዘህ ገልብጠው፣ ዓሣዎቹን ወዲያው ወደ ውሃህ አስገባ። የፌስታሉ ውሃ አንድ ጠብታም አኳሪየምህ እንዳይገባ። የፒኤች ልዩነቱ ያስፈራል፤ አውቃለሁ። ከአሞኒያው ግን ይሻላል። የሻጩን ውሃ ፒኤችና ጥንካሬ (የሟሟበትን ማዕድን መጠን) ጠይቅና ከአንተ በጣም ከራቀ ዓሣዎቹን የምትቀበልበትን ውሃ በሌላ ባልዲ አዘጋጅተህ አስቀድመህ ከሻጩ ውሃ ጋር አቀራርበው።

መንገዱንም አትርሳ። አዲስ አበባ ማለዳ ብርድ ነው። ከወልቂጤ ወዲያ ግቤ ሸለቆ ሲወረድ ይሞቃል፣ ከዚያ እንደገና ዳገት። ሲሞቅ ዓሣ ብዙ ይተነፍሳል፣ ብዙ ያወጣል። በፎም ሳጥን ይታሸግ፤ ፖርቶ መጋላ ላይ ፀሐይ እየመታው እንዳይሄድ ረዳቱን ለምነው። ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቀው፤ ከመጫኑ በፊት አንድ ቀን ሙሉ እንዳይመግባቸው፣ ፌስታሉንም በአየር ሳይሆን በኦክስጅን እንዲሞላው። ውሃው አንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅኑ ሁለት ሦስተኛ ይሁን። እኛ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ወደ ገበሬ ኩሬ ስንወስድ ሆዱ ባዶ ያልሆነውን አንጭንም።

ፎቶ ቤት ጅማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ሻጩ ጠዋት አብልቶ ነው የሚጭናቸው፤ «እንዳይርባቸው» ይላል፣ በቅንነት ነው። ፌስታሉም በአፍ የተነፋ ይመስለኛል። ዛሬውኑ እደውላለሁ።

ከጅሬን፦
እኔም ጅማ ነኝ፣ ኒዮን አሉኝ፣ ደህና ናቸው። ስለዚህ ውሃውን ተወው፤ ችግሩ እሱ አይደለም።

ጥቂት ልጨምር። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የውጭ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ብዙ ጊዜ ይህን አያስብም። መተንፈሻው ለተጎዳ ዓሣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት የአየር ፓምፑን እስከ መጨረሻው ክፈተው። ሙቀቱንም 25 ማድረስ የለብህም፣ ለኒዮን 23 ይበቃል፤ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት መብራት ከጠፋ ግን አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፤ የላዩን ክፍት ተውለት።

ሃይፖህን እይ። ዕቃው ላይ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚል ከሆነ ደህና ነው። ፈጣን ፊክሰር የሚባለው ግን አሞኒየም ታዮሰልፌት ነው፤ እሱን ከጨመርክ በገዛ እጅህ አሞኒያ ጨመርክ ማለት ነው።

ደግሞ አዲስ ዓሣ ቀጥታ ከጉፒዎቹ ጋር አትቀላቅል። ለብቻቸው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆዩ፤ በሽታ ይዘው ቢመጡ ጉፒዎችህም ይሄዳሉ። ለመቆያው ባልዲ የሚሆን፣ ማጣሪያዬ ውስጥ የቆየ ስፖንጅ ቆርጬ ልሰጥህ እችላለሁ። አሞኒያ የሚበላው ባክቴሪያ ስላለበት ባልዲው ውስጥ አሞኒያ አይጠራቀምብህም። በክሎሪን ውሃ እንዳታጥበው ብቻ።

ፎቶ ቤት ጅማ፦
አዲሶቹ ደረሱ። ሳይበሉ፣ ኦክስጅን ተሞልቶላቸው፣ በፎም ሳጥን። 12 ነበሩ።

ፌስታሉን እንደከፈትኩ ዓሣዎቹን በመረብ አሳለፍኩ፤ ውሃውን ግን አልደፋሁትም፣ በብርጭቆ አስቀረሁ። ወዲያው ስለካው ፒኤቹ 6.4 ነበር። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን ትቼ ፎቶ ሳነሳ ቆየሁና ደግሜ ለካሁት፤ 7.2 ሆኗል። ምንም ሳልጨምርበት! የአሞኒያው ጠብታ ደግሞ አረንጓዴ ሆነ፤ በእኔ አኳሪየም ሁልጊዜ ቢጫ ነው የሚሆነው። የሰበታው፣ ያልከውን በዓይኔ አየሁት።

ሁለቱ ሞተዋል። አሥሩ አሉ። ቀለማቸው ተመልሷል፣ የጉፒ ምግብ በጣቴ አድቅቄ ስሰጣቸው ወጥተው ይበላሉ። የሁለቱን ምክንያት አላወቅኩም፤ አንደኛው ሲመጣም ጎኑን ተኝቶ ነበር። ሃይፖው ሶዲየም ነው፣ የአባቴ ጽሑፍ ዕቃው ላይ አለ።

እህቴ ከጅሬን፣ ስፖንጁን አሁንም ከሰጠሽኝ እፈልገዋለሁ። ዛሬ ባልዲው ውስጥ ትንሽ አሞኒያ መታየት ጀምሯል፣ በየቀኑ ሩቡን ውሃ እየቀየርኩ ነው። ነገ ከሰዓት በጄሪካን ውሃ ይዤ ልምጣ? እንዳይደርቅብኝ ነው።

ከጅሬን፦
ና። ከ10 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ጄሪካኑ ሳሙና ያልነካው ይሁን።