ቲም ኮቺንግ ከሥልጠና በምን ይለያል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ጀመዓ። እዚህ ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሱፐርቫይዘር ነኝ። 9 ሰው ነን፣ በሦስት ፈረቃ። ችግራችን ርክክብ ላይ ነው። የሌሊቱ ፈረቃ መርፌ የሚሰብር ማሽን እንዳለ እያወቀ ዝም ብሎ ይወጣል፣ የጠዋቱ ሲደርስበት "ደበቃችሁን" ይላል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ኩርፊያ ነው። ዓምና የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ላይ 3 ቀን ስለ ቡድን ሥራ ሠለጠንን። ጥሩ ሥልጠና ነበር፤ በሳምንቱ ግን እዚያው ነን። አሁን ደግሞ "ቲም ኮቺንግ ይምጣላችሁ" እየተባልን ነው። ያው ሥልጠና ነው ወይስ የምር ልዩነት አለው?

መልስ 1 (ደሴ)፦
አብሽር፣ ልዩነት አለው። አሠልጣኝ የማታውቀውን ያስተምርሃል። አማካሪ ችግሩን አይቶ "እንዲህ አድርጉ" ይላል። ኮች ግን ለወራት እየተመላለሰ ሥራችሁ መሀል ያያችኋል፣ መፍትሔውን የምታመጡት እናንተው ናችሁ። እኛ ቢሮ የመጣችው ሴት የሰኞ ስብሰባችን ላይ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ያህል ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ "ባለፈው ሰኞ ምን ነበር የወሰናችሁት?" አለችን። ተያየን። አንዱ ደብተሩን ገለጠ፣ ገጹ ባዶ። ማንንም አልወቀሰችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ውሳኔያችንን ሳንጽፍ ተነስተን አናውቅም። ደግሞ አለቃችንን ለብቻው አልያዘችውም፣ ሥራዋ ከሁላችንም ጋር ነበር።

መልስ 2 (ኮምቦልቻ)፦
ልክ ነው፣ ግን መለዋወጫ ከሌለ ወይም ፈረቃዎቹ እርስ በርስ እየተወዳደሩ ጉርሻ የሚያገኙ ከሆነ ኮች ምን ያደርግልሃል? ሪቻርድ ሃክማንና ሩት ዌጅማን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. የጻፉት ይኸንኑ ነው፤ ቡድኑ ከመሠረቱ በደንብ ካልተዋቀረ ኮቺንግ ብዙ አይፈይድም። ጊዜም አለው ይላሉ፦ ሥራው ሲጀመር ማነሳሳት፣ አጋማሽ ላይ አሠራሩን መለስ ብሎ ማየት፣ ሲያልቅ ከሠሩት መማር። አንተ መጀመሪያ ይህን አጣራ፦ የሌሊቱ ፈረቃ ብልሽቱን ቢናገር ምን ይደርስበታል?

ጠያቂ፦
ይቺ ጥያቄ አስደነገጠችኝ። ብልሽት የመዘገበ ፈረቃ ነጥብ ይቀነስበታል። ፎርሙን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ርክክብ ላይ የሚወጡትንም የሚገቡትንም አንድ ላይ አነጋግሬ ያቺን የነጥብ ቅነሳ ከፎርሙ አወጣታለሁ። ኮቹን የምጠራው ከዚያ በኋላ ነው። አላህ ይስጥልኝ።