አዲስ ለሚወጣ ፖስታ አዳይ (ዩኤስ ፖስታ ቤት)፦ የቦርሳ ክብደት፣ ውሻ፣ ሙቀትና የጉዳት ፎርም

አዲሷ_ሲሲኤ (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ለዩኤስ ፖስታ ቤት በሲሲኤነት (የከተማ ፖስታ አዳይ ረዳት ሆኜ) ተቀጥሬ የክፍል ትምህርቱን ጨርሻለሁ፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ብቻዬን እወጣለሁ። ደህንነት ላይ የተሰጠን ትምህርት ብዙ ነው፤ ግን መንገድ ላይ ሆኜ ልተገብረው የምችለውን በአማርኛ የሚያስረዳኝ ፈልጌ ነው። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው።

በትከሻ የሚንጠለጠለው ሳቸል (የፖስታ ቦርሳ) ስንት ፓውንድ ድረስ ነው የሚጫነው? ግቢ ውስጥ የተፈታ ውሻ ካየሁ ፖስታውን ሳላደርስ መመለስ እችላለሁ? ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከባድ ነው ይሉኛል፤ ፍልሰታን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፤ ይህን እንዴት ላድርገው? በመጨረሻ፣ ፕሮቤሽን (የሙከራ ጊዜ) ላይ እያለሁ ጉዳት ቢደርስብኝ ለማን፣ በምን ቅደም ተከተል ነው የማሳውቀው?

የሰፈር_ፖስታ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። የቦርሳው መልስ አጭር ነው፦ 35 ፓውንድ፣ ማለት ወደ 16 ኪሎ ገደማ። የከተማ አዳዮች መመሪያ በሆነው በኤም-41 ላይ ተጽፏል። ዙሩ ከዚያ በላይ ፖስታ ካለው ለሁለት ክፈዪውና ወደ መኪናው ተመልሰሽ ሙዪ። አዲስ ሰዎች አንድ ምልልስ ለማትረፍ ሁሉንም በአንዴ ይጭናሉ፤ ትከሻቸው የሚጎዳው በዚያ ነው፤ ከዚህም በላይ ሆድ ላይ የተቆለለ ፖስታ ደረጃውን ስለሚጋርድ መውደቅ ይመጣል። ማንጠልጠያውን በየዙሩ ከግራ ወደ ቀኝ ትከሻ ቀያይሪ፤ በሁለቱም ትከሻ የሚያዝ ዓይነት ካለ ጠይቂ።

ፖስታ ቤቱ እስከ 70 ፓውንድ የሚመዝን ጥቅል ይቀበላል። ስለዚህ ካርቶን ከማንሳትሽ በፊት በእግርሽ ገፋ አድርገሽ ክብደቱን እወቂው። ሰው ወገቡን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ከመሬት ሲያነሳ አይደለም፤ መቀመጫው ላይ እንደተቀመጠ ተጠምዝዞ ከኋላ ያለውን ዕቃ ሲስብ ነው። ውረጂ፣ የኋላውን በር ክፈቺ፣ ከዚያ አንሺ።

አሁን ወደ ውሻው። አዎ፣ መመለስ ትችያለሽ። የተፈታ ውሻ ያለበት ግቢ እንድትገቢ የሚያስገድድሽ ደንብ የለም። ፖስታውን ይዘሽ ተመልሰሽ ለሱፐርቫይዘሩ አድራሻውንና ምክንያቱን ታሳውቂያለሽ፤ ባለቤቱ ውሻውን እስኪያስር ድረስ ለዚያ ቤት፣ ውሻው መንገድ ላይ የሚዞር ከሆነም ለአካባቢው፣ እደላው ሊቋረጥ ይችላል። በ2024 ብቻ በፖስታ ቤቱ ሠራተኞች ላይ ከ6,000 በላይ የውሻ ጥቃቶች ተመዝግበዋል፤ ስለዚህ ማንም እንደ ሰበብ አያየውም።

ሲሲኤ ሆነሽ ትልቁ ችግርሽ ራውቱን (የእደላ መስመሩን) አለማወቅሽ ነው። ቋሚው አዳይ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለው ያውቃል፤ አንቺ አታውቂም። ጠዋት ፖስታ በሚደረደርበት ኬዝ ላይ የውሻ ማስጠንቀቂያ ካርድ (ፎርም 1778) መኖሩን ፈልጊ፤ ከሌለ ቋሚውን አዳይ ወይም ጎረቤት ራውት የሚሠራውን ጠይቂ። ስካነሩም አድራሻው ጋ ስትደርሺ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ግን ቀድሞ ሰው ካላስገባው አያሳይም። አንቺ ያየሽውን አስገቢ፤ ነገ ለሚተካሽ ሰው ነው።

በር ከመክፈትሽ በፊት መዝጊያውን አንኳኪ ወይም ቁልፍሽን አንሿሺ፤ ተኝቶ የነበረ ውሻ ሲደነግጥ ነው የሚነክሰው። የውሃ ሳህን፣ ሰንሰለት፣ የተቆፈረ ሣር ካየሽ ውሻ አለ ብለሽ ግቢ። ወደ ውጪ የሚከፈት የወንፊት በር ያለበት ቤት ፊርማ የምታስፈርሚ ከሆነ እግርሽን በሩ ሥር አስደግፊ፤ ውሻው በግንባሩ ገፍቶ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ከመጣብሽ አትሩጪ፣ ጀርባሽንም አትስጪ። ሳቸሉን በአንቺና በውሻው መሃል አድርገሽ ቀስ እያልሽ ወደ ኋላ ሂጂ፤ መንከስ ከፈለገ ቦርሳውን ይንከስ። የሚሰጥሽን የውሻ ስፕሬይ ወደ ሦስት ሜትር ሲቀርብ ዓይኑና አፍንጫው ላይ ርጪ፤ ነፋሱ ወደ አንቺ የሚነፍስ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቦታ ቀይሪ። ስፕሬዩ ሳቸሉ ውስጥ ከተቀመጠ አይጠቅምም፤ ማንጠልጠያው ላይ ይሰካ። ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ቀኑን አንብቢ፣ በጋለ መኪና ውስጥም ጥለሽው አትደሪ። ከጣለሽ ተጠቅልለሽ አንገትሽንና ጆሮሽን በእጅሽ ሸፍኚ።

ፖስታ እያገላበጡ መሄድ ሜዳ ላይ የተፈቀደ ነው። ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ፣ መንገድ ስትሻገሪ፣ ስትነጂ ግን ክልክል ነው። ደረጃ ላይ አንድ እጅሽ ለመደገፊያው ነጻ ይሁን።

ጥላ_ፈላጊ

ስለ ሙቀቱ እኔ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚያቃልለው ይህንን ነውና።

አሁንም ብዙ ራውት ላይ የምታገኚው ኤልኤልቪ የሚባለው መኪና ከ1987 እስከ 1994 የተሠራ ነው፤ ኤሲ የለውም፣ ያለው ትንሽ ቬንትሌተር ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ የብረት ሣጥን ስለሆነ ምሳሽን እዚያ ውስጥ ተቀምጠሽ መብላት ዕረፍት አይባልም። ዛፍ ሥር ወይም ኤሲ ያለበት ቦታ ፈልጊ።

ውሃ፦ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ማለት 8 አውንስ ወይም 240 ሚሊ ሊትር። ሲጠማሽ ብቻ ከጠጣሽ ዘግይተሻል። በሰዓት ከ48 አውንስ አትለፊ፤ ከዚያ በላይ የደምን ጨው ያሳንሳል። ላብሽ ለሰዓታት ከቀጠለ ጨው ያለበት መጠጥ ወይም ምግብ ጨምሪ።

በጣም የሚያሰጋው የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሰውነት ከሙቀት ጋር እስኪላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ኒኦሽ የተባለው የፌደራል የጥናት ተቋም አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ሙቀት ውስጥ ከመደበኛው ጊዜ 20 በመቶ ብቻ እንዲሠራና በየቀኑ 20 በመቶ እንዲጨመርለት ይመክራል። ይህ ምክር እንጂ አስገዳጅ ደንብ አይደለም፤ ቢሆንም የሰውነትሽ ምልክት ሲመጣ ለማቆም በቂ ምክንያት አድርገሽ ያዢው።

ምልክቶቹን ለዪ። ብዙ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ፣ የጡንቻ መኮማተር ካለ ሥራ አቁሚ፣ ጥላ ግቢ፣ ውሃ ጠጪ፣ ለሱፐርቫይዘር ደውዪ። ንግግር መደነቃቀፍ፣ ግራ መጋባት፣ የት እንዳሉ አለማወቅ ወይም ራስ መሳት ከመጣ ግን 911 ነው፤ ላብ መኖሩ አያዘናጋ። አምቡላንሱ እስኪደርስ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ። በዚያ ደረጃ የደረሰ ሰው ለራሱ መደወል ስለማይችል ጠዋት ከአንድ ባልደረባሽ ጋር በየሁለት ሰዓቱ መልእክት ለመለዋወጥ ተስማሙ።

ስለ ፍልሰታ፦ ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21፤ በቨርጂኒያ የበጋው ሙቀት ገና ያልበረደበት ጊዜ ማለት ነው። ውሃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእግር ማደል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሆስፒታል የሚያስገባ ነገር ነው። ሌሊት ብዙ ውሃ መጠጣት ይረዳል፤ ግን ሰውነት እንደ ግመል አያጠራቅምም። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ሥራሽ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንደምትቆዪ በግልጽ ንገሪያቸው። የጾም ምግብ እየበሉ ውሃ መጠጣትና ሰዓቱን ማሳጠር የሚፈቀድበት መንገድ አለ፤ የሚፈቅዱት ግን እሳቸው ናቸው። ሙስሊም ለሆናችሁ ረመዳን በነዚህ ዓመታት ቅዝቃዜ ወራት ላይ ስለሚውል ሙቀቱ አያሰጋም፤ ያኔ የሚያሰጋው በረዶ ላይ መንሸራተት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሜሪላንድ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ የራሷ የሙቀት ደንብ አላት። እኛን ግን አይመለከትም። ፖስታ ቤት ከ1998ቱ ሕግ ጀምሮ በፌደራሉ የሥራ ደህንነት ተቋም በኦሻ ሥር ነው፤ ቅሬታም ካለሽ ወደዚያ ነው የምትሄጂው።

መሪ_ጨባጭ

መኪናው ተረስቷል፤ ከሥራ የሚያስወጣውም እሱ ነው።

ስታቆሚ ቅደም ተከተሉን በየጊዜው ሳትዘልዪ አድርጊው፦ እግር ፍሬን ላይ፣ ማርሽ ፓርክ ላይ፣ የእጅ ፍሬን፣ ሞተር ማጥፋት፣ ቁልፍ መንቀል። ዳገት ወይም ቁልቁለት ከሆነ ጎማውን ወደ ጠርዙ አዙሪ። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ተብሎ ሞተሩ እየሠራ የተተወ መኪና ነው ራሱ ተንከባልሎ ሰው የሚገጨው። ከዓይንሽ ከራቀ ደግሞ ይቆለፍ።

ተንሸራታቹ በር ክፍት ሆኖ መንዳት የሚፈቀደው ራውቱ ላይ፣ በማቆሚያዎች መሃል ከ500 ጫማ ላልበለጠ ርቀት፣ በሰዓት ከ15 ማይል ባልበለጠ ፍጥነት ነው። ወደ ራውቱ ስትሄጂ፣ ስትመለሺና መስቀለኛ መንገድ ስታቋርጪ ይዘጋል። የወገብ ቀበቶ መኪናው እስከተንቀሳቀሰ ድረስ አይፈታም፤ የትከሻው ቀበቶ የፖስታ ሳጥኑ ጋ እንዳትደርሺ ከከለከለሽ ብቻ ይፈታል። ወደ ኋላ መንዳት ከቻልሽ አስቀሪው፤ የግድ ከሆነ ውረጂና ከኋላ ዞረሽ እዪ፤ ሕፃን በመስታወቱ አይታይም።

የአሮው ቁልፍ (የጋራ ሳጥኖችን የሚከፍተው) በሰንሰለት ከቀበቶሽ ጋር ይታሰር፣ ማታ ፈርመሽ መልሺ። ዘራፊ ከጠየቀሽ ስጪው፤ አትከራከሪ፣ አታሳድጂ። ከዚያ 911፣ ቀጥሎ የፖስታ ምርመራ አገልግሎት፦ 1-877-876-2455።

አዲሷ_ሲሲኤ (ቨርጂኒያ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የንስሐ አባቴን በዚህ ሳምንት አነጋግራለሁ። የቀረኝ የፎርሙ ጉዳይ ነው። ፕሮቤሽን ላይ ያለ ሰው ትንሽ ጉዳት ባያስመዘግብ ይሻለዋል የሚሉ አሉ። ሱፐርቫይዘሩስ «ነገ እንሞላዋለን» ቢል?

የዩኒየን_ወንድም

ያ ምክር ሰውን ይጎዳል፤ አትስሚው። የዛሬ ጭረት ከሳምንት በኋላ ሲያመረቅዝ፣ በዕለቱ ያልተጻፈን ጉዳት በሥራ ላይ ነው የደረሰው ብሎ ማሳመን ከባድ ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ሕክምና፤ በዚያው ቀን ለሱፐርቫይዘር በቃልም በጽሑፍ መልእክትም ማሳወቅ፤ ከዚያ ፎርም። በአንድ የሥራ ፈረቃ ውስጥ ለደረሰ ጉዳት ሲኤ-1 ነው፦ መውደቅ፣ ንክሻ፣ በአንድ ቀን የመጣ የሙቀት ሕመምም ጭምር። ከአንድ ፈረቃ በላይ ቀስ በቀስ ለመጣ የትከሻ ወይም የጉልበት ሕመም ሲኤ-2 ነው። ሁለቱንም በሠራተኛ ሚኒስቴሩ ኢኮምፕ ድረ ገጽ ራስሽ ከስልክሽ ትሞያለሽ፤ የሱፐርቫይዘር ፈቃድ አያስፈልግም፤ «ነገ» ቢልሽም አንቺ ዛሬ መሙላት ትችያለሽ።

ሲኤ-1 በ30 ቀን ውስጥ ከገባ ሳትሠሪ እስከ 45 የካሌንደር ቀን ደሞዝሽ ይቀጥላል፤ ለፖስታ ሠራተኞች የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚታሰቡት ከሥራ የቀረሽበት ጊዜ ከ14 ቀን ካለፈ ነው። 30 ቀኑ ካለፈ እስከ ሦስት ዓመት መጠየቅ ይቻላል፣ ያ የደሞዝ መብት ግን ይቀራል። የሐኪም ማስረጃ በ10 ቀን ውስጥ አስገቢ። የሕክምና ወጪ መፍቀጃውን ሲኤ-16 ጠይቂ፤ በአራት ሰዓት ውስጥ ሊሰጥሽ ይገባል። ሐኪሙን የምትመርጪው አንቺ ነሽ።

ስትጽፊ ዝርዝር አድርጊው። «ጉልበቴን አመመኝ» ውድቅ ይደረጋል። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንደረገጥሽ፣ የትኛው የሰውነት ክፍል ምን ላይ እንዳረፈ ጻፊ፤ ትንሽ ያመመሽንም ቦታ አትተዪ፣ በኋላ መጨመር አስቸጋሪ ነው። ቅጂ በእጅሽ ይኑር።

ጉዳት ሳይደርስ አደጋ ካየሽ (የተሰበረ ደረጃ፣ የማይዝ ፍሬን) ፎርም 1767 ሙዪ። ሱፐርቫይዘሩ በዚያው ፈረቃ መመርመር አለበት፤ ቅጂ ተቀበዪ። ስምሽ እንዳይታወቅ ከፈለግሽ በቀጥታ ለደህንነት ክፍሉ ማስገባት ይቻላል።

ፕሮቤሽኑ የ90 የሥራ ቀን ወይም የ120 የካሌንደር ቀን ነው፣ ቀድሞ የሞላው። በዚያ ጊዜ ቢያሰናብቱሽ ዩኒየኑ (የሠራተኛ ማኅበሩ) በግሪቫንስ፣ ማለት በመደበኛ ቅሬታ፣ ሊከራከርልሽ አይችልም፤ የጉዳት ካሳና የኦሻ ጥበቃ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለሽ። አደጋ በማሳወቅሽ ከተበቀሉሽ ለኦሻ በ30 ቀን ውስጥ አመልክቺ፦ 1-800-321-6742። ቀኑ አጭር ነው፣ ካለንደርሽ ላይ ምልክት አድርጊ።

ውሻ ከነከሰሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢ፤ ሐኪሙን ስለ ቴታነስና ስለ እብድ ውሻ ክትባት ጠይቂ፤ የውሻውን የክትባት ማስረጃ ለማግኘት ለእንስሳት ቁጥጥር ይደወል። የውሻው ባለቤት ወይም ኢንሹራንሱ ገንዘብ ሊሰጥሽ ከመጣ ለፌደራሉ የካሳ ቢሮ ሳታሳውቂ ምንም አትፈርሚ፤ ከሌላ ወገን ከምታገኚው ላይ ቢሮው የከፈለልሽን የማስመለስ መብት አለው።