«ማስት ሕዋስ»፣ «መኮማተር»፣ «ማራገፍ»፦ የአንጀት አለርጂን በአማርኛ ስንጽፍ

ቃል ለቃሚ፦
ጤና ይስጥልኝ የቋንቋ ወዳጆች። አለርጂ ሲነሣ የአንጀት ጡንቻ ለምን እንደሚኮማተር የሚያስረዳ ምዕራፍ ለሕክምና ተማሪዎች ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ያስቸገሩኝን ላስቀምጥ። በአለርጂ ጊዜ ሂስታሚን የሚለቀው ሕዋስ በእንግሊዝኛ «ማስት ሴል» ይባላል፤ «ማስት» የመርከብ ምሰሶ ነውና «ምሰሶ ሕዋስ» ማለት ያስኬዳል? ጡንቻውስ ተኮማተረ፣ ተሸበሸበ ወይስ ቆረጠው? ሕዋሱ በውስጡ የያዘውን ሲለቅ «ፈነዳ» ይባላል?

ዘቤተ ሙከራ፦
«ምሰሶ» በፍጹም አይሆንም። ቃሉ ጀርመንኛ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1878 ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ እነዚህን ሕዋሳት በአኒሊን ቀለም ነክሮ ሲያይ በቅንጣት ታጭቀው አገኛቸው። ከምግብ ጋር የተያያዙ መስለውት «ማስትሴለን» አላቸው፤ «ማስት» በጀርመንኛ ከብት ማደለብ ነው። የእኛ «ቅልብ» ቃሉን ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል፦ ቅልብ ሰንጋ እንደምንለው ቅልብ ሕዋስ።

ሆኖም ቅልብ ብለው እንዳያስገቡት እመክራለሁ። የኤርሊኽ ግምት ትክክል አልነበረም፤ ቅንጣቶቹ የያዙት ሂስታሚን፣ ሄፓሪን፣ ትሪፕቴዝና የመሳሰሉትን ኬሚካሎች ነው እንጂ ስንቅ አይደለም። «ማስት ሕዋስ» ብለው ይጻፉ፤ ቅልብን በመግቢያው አንድ ጊዜ የስሙን አመጣጥ ለማስረዳት ይጥቀሱት።

ስለ ቀለሙ ካነሣን አይቀር፦ ቶሉዲን ብሉ ሌላውን ሁሉ ሰማያዊ ሲያደርግ የማስት ሕዋስን ቅንጣት ሐምራዊ ያደርገዋል። ግን የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ናሙና በተራ ፎርማሊን ከቆየ እዚያ ያሉት ማስት ሕዋሳት ቀለሙን በደንብ አይቀበሉም፤ የሚቆጥረውም ሰው «የሉም» ብሎ ይጽፋል። ካርኖይ በሚባለው ሌላ የናሙና ማቆያ ፈሳሽ የቆየ ናሙና ላይ ግን በግልጽ ይታያሉ።

የጎጃም ልጅ፦
ወደ ግሦቹ ልምጣ። «ሆዴን ቆረጠኝ» ሲባል የሚናገረው ሕመምተኛው ነው፤ ቁርጠት የሚሰማ ነገር ነው። መኮማተር ግን በመሣሪያ የሚለካ የጡንቻ ማጠር ነው። ጡንቻ ተኮማትሮ ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ምግብ የሚገፋውም በዚሁ መኮማተር ነው። ስለዚህ በምልክቶች ክፍል «ቁርጠት»፣ በአሠራር ክፍል «መኮማተር» ይበሉ። «ተሸበሸበ» ለቆዳና ለጨርቅ ይቆይ፣ «ተኮራመተ» ደግሞ ብርድ ለመታው ሰው።

«የአንጀት መላወስ» የሚል ረቂቅ ካለዎትም ያውጡት። «አንጀቴ ተላወሰ» ያለ ሰው አዝኗል። «አንጀቱ ታጠፈ» ረሃብ ነው፣ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ደግሞ የልቡ መድረስ ነው። አማርኛ አንጀትን ለስሜት ስለሰጠው የሕክምና ጽሑፍ ሁልጊዜ «የአንጀት ጡንቻ» ብሎ መለየት አለበት።

ቃል ለቃሚ፦
አመሰግናለሁ። «ለስላሳ ጡንቻ» የሚለውስ?

የጎጃም ልጅ፦
የተለመደ ነው፣ ይገባልም። ነገር ግን ስሙ የመጣው በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ክንድ ጡንቻ ዝንጉርጉር መስመር ስለሌለው እንጂ ሲነካ ስለሚለሰልስ አይደለም። እኔ «ልሙጥ ጡንቻ» እመርጣለሁ።

ዘቤተ ሙከራ፦
እስማማለሁ። አሁን «ፈነዳ» ላይ ልቆይ፣ ትልቁ ስሕተት የሚገባው እዚህ ነውና። የፈነዳ ሕዋስ ሞቷል። ማስት ሕዋስ ግን አይሞትም። ላዩ ላይ የተቀመጡት የአይጂኢ ፀረ እንግዳ አካላት የሚያውቁት ባዕድ ፕሮቲን ሲመጣ ያያይዛቸዋል፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ የቅንጣቶቹ ከረጢት ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ተዋሕዶ ይከፈትና ሂስታሚኑ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል። ሕዋሱ በሕይወት ይቀጥላል፣ ውሎ አድሮም ቅንጣቱን መልሶ ይሞላል። ስለዚህ «አራገፈ» ነው የሚስማማው፦ ያራገፈ አህያ ተመልሶ ይጫናል።

ወጥቶ የተበተነው ሂስታሚን በልሙጥ ጡንቻው ላይ ኤች 1 ከሚባለው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል፤ ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ይኮማተራል። አማርኛ እዚህ ላይ ታድሏል፦ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሂስታሚን ያኮማትረዋል። «ማስት ሕዋሱ ተኮማተረ» ብሎ የጻፈ ግን አድራጊና ተደራጊን ደባልቋል።

ፊደል ገበታ፦
ምዕራፉ ላይ ስለ ሹልትስና ዴል ሙከራ ካለ «የጊኒ አሳማ» የሚለውን ይጠንቀቁ። እንስሳው አሳማ አይደለም፣ ከጊኒም አልመጣም፤ የደቡብ አሜሪካ ነው። «ጊኒ ፒግ» ብሎ መተው ይበቃል። ሙከራውን የሚያውቅ ቢያስረዳን ግሦቹን ለመምረጥ ይረዳል።

ዘቤተ ሙከራ፦
ሹልትስ እ.ኤ.አ. በ1910 በጊኒ ፒግ አንጀት፣ ዴል በ1913 በማሕፀን ጡንቻ ያሳዩት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይሠራል። ጊኒ ፒጉ በእንቁላል ነጭ ፕሮቲን ይወጋና 3 ሳምንት ያህል ይቆያል። ከዚያ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ አካባቢ 2-3 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ ውስጡ በቀስታ ይታጠባል፤ አንዱ ጫፍ ኦርጋን ባዝ በሚባለው የብርጭቆ ዕቃ ሥር፣ ሌላው ከመለኪያው ጋር በክር ይታሰራል። ፈሳሹ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አየር የሚነፋበት፣ ውጥረቱ 1 ግራም ገደማ። በየ10-15 ደቂቃው ፈሳሹ እየተቀየረ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያርፋል።

ፈሳሹ የታይሮድ ነው፤ ለ1 ሊትር ሶዲየም ክሎራይድ 8 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.2፣ ካልሲየም ክሎራይድ 0.2፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ 0.1፣ ሶዲየም ፎስፌት 0.05፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት 1፣ ግሉኮስ 1 ግራም። ካልሲየሙ ለብቻው ሟሙቶ መጨረሻ ላይ ቀስ ተብሎ ይገባል። ከባይካርቦኔቱ ጋር በደረቁ ከተገናኘ ነጭ ደለል ይሆናል፤ ፈሳሹ ካልሲየም ያጣል፤ ጡንቻውም ይደክማል።

ጡንቻው ደህና መሆኑ በትንሽ ሂስታሚን ከተፈተሸና ከታጠበ በኋላ የእንቁላሉ ፕሮቲን ሲጨመር ወዲያው ይኮማተራል። ሜፒራሚን አስቀድሞ ከገባ ኤች 1ን ስለሚዘጋ የፈጣኑ መኮማተር አብዛኛው ይጠፋል። አትሮፒንም የሚጨመረው በነርቭ መልእክተኛው በአሴቲልኮሊን በኩል የሚመጣውን መኮማተር ዘግቶ ለመለየት ነው። ሁለቱም ገብተው ቀስ ብሎ የሚነሣና የሚቆይ መኮማተር ከቀረ በአብዛኛው ማስት ሕዋስ የሚለቀው የሌላው ኬሚካል፣ የሊውኮትሪን ሥራ ነው።

ፊደል ገበታ፦
በ3 ሳምንቱ ውስጥ የሚሆነውንስ ምን እንበለው? «ማስለመድ» ተብሎ አይቻለሁ።

የጎጃም ልጅ፦
ግልባጩ ነው! የለመደ ሰውነት ዝም ይላል፤ ይህኛው ግን ቁጡ ሆኗል። «ማስቆጣት» እንኳ ይሻላል፤ ጥንቃቄ ለሚሻ ጽሑፍ «ለዳግም ንክኪ ቁጡ ማድረግ» ይበሉት።

ዘቤተ ሙከራ፦
«ማስለመድ» ራሱ ቦታ አለው። በዚያው ቁራጭ አንጀት ላይ ፕሮቲኑ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጨመር ጡንቻው ብዙ ጊዜ ምንም አይልም፣ ሂስታሚን ሲሰጠው ግን ይኮማተራል። ጡንቻው አልደከመም ማለት ነው፤ ለዚያ ፕሮቲን ምላሽ መስጠቱ ነው የቆመው። ለዚህ «መላመድ» ይስማማል። ይህን ያልተረዳ ተማሪ በአንድ ቁራጭ ላይ ደጋግሞ ፕሮቲን እየጨመረ የሚሞክረው መድኃኒት የሠራ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ፈተና አዲስ ቁራጭ ያስፈልጋል።

ፊደል ገበታ፦
አንድ ልጨምር። ሰው «ወተት አይስማማኝም» ሲል አለርጂ ብለው አይመልሱት። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ ሲያንስ ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል፤ ማስት ሕዋስም አይጂኢም የለበትም። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ግን ሌላ ነው፤ በአይጂኢ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሽፍታ፣ ማስታወክ፣ ቁርጠት ያመጣል፤ ትንፋሽ ካጠረ ወይም የደም ግፊት ከወረደ አናፊላክሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ የአለርጂ ምላሽ) ነው፣ አድሬናሊን ይሻል። «አልተስማማኝም» ሁለቱንም ስለሚያቅፍ በታካሚው አፍ ይቆይ፤ ጸሐፊው ግን ይለይ።

ቃል ለቃሚ፦
እንግዲህ ዓረፍተ ነገሬ ይህን መሰለ፦ «ባዕዱ ፕሮቲን ሲመጣ ማስት ሕዋሱ ሂስታሚንና ሊውኮትሪን ያራግፋል፤ እነዚህም የአንጀትን ልሙጥ ጡንቻ ያኮማትራሉ።»

ዘቤተ ሙከራ፦
አንድ ግሥ ብቻ ይቀይሩ። ሂስታሚን አስቀድሞ ተሠርቶ በቅንጣት ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ «ያራግፋል» ልክ ነው። ሊውኮትሪን ግን የተቀመጠ የለውም፤ ሕዋሱ ከተነሣሣ በኋላ ከሽፋኑ ስብ በአራኪዶኒክ አሲድ በኩል አዲስ ይሠራዋል። «ሂስታሚን ያራግፋል፣ ሊውኮትሪን ሠርቶ ይለቃል» ይሁን።