ከፋሲካ በኋላም ሥጋና ወተት ለማይበሉ ልጆች ምን ምሳ እንቋጥር? (ደሴ)

የሆጤዋ እናት፣ ደሴ

እኔና ባለቤቴ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ማር መመገብ ካቆምን ሦስት ዓመት ሆነን። ያቆምነው ለጾም ብለን አይደለም፤ ለእኛ ምግብ ሲባል እንስሳት እንዲታረዱና እንዲጨነቁ ስላልወደድን ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጃችንና የ6 ዓመት ወንድሟም በቤታችን የሚበሉት ይህንኑ ነው። ማታ በአንድ ገበታ ስንቀመጥ ምንም አይጎድለንም፤ የሚቸግረኝ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥቼ የሁለቱን የምሳ ዕቃ ስሞላ ነው።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የልጆቼ ምሳ ከብዙዎቹ ጓደኞቻቸው ምሳ ስለማይለይ ልብ የሚለው የለም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ቅቤ ያልነካው ምሳ የእነርሱ ብቻ ይሆናል። ባለፈው ዓመት በዚያ ወቅት አንዲት መምህርት ልጄን ለብቻዋ ጠርታ «ቤታችሁ ተቸግሯል ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። በቅን ልቡና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጄ ግን አፍራ መጣች። በዚያው ሳምንት የቅርብ ጓደኛዋ ዶሮ ወጥ ልታጎርሳት እጇን ስትዘረጋ እንቢ በማለቷ ጓደኛዋ ተቀይማ አለቀሰች። ማታ «እማዬ፣ ጉርሻ መመለስ ነውር አይደለም ወይ?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ።

እስከ 6 ሰዓት ሳይበላሽና ሳይፈስ የሚቆይ ምን ትቋጥራላችሁ? በዚህ አመጋገብ ለሚያድግ ልጅ የሚጎድል ነገር ይኖር ይሆን? ደግሞም ልጆቹ የሚበሉት ከየት እንደሚመጣ በዓይናቸው እንዲያዩ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እርሻ ልንወስዳቸው አስበናልና፣ ከደሴ ብዙ ሳንርቅ ወዴት ብንሄድ ይሻላል?

አባወራ፣ ኮምቦልቻ

ባለቤቴ በማለዳ ወደ ሥራ ስለምትወጣ የልጆቹን ምሳ የምቋጥረው እኔ ነኝ። ቀድሞ የምንኖረው ደሴ ነበር። ሐረጎን ወርደን እዚህ ስንገባ የራቅነው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ሙቀቱ ሌላ ነው፤ በደሴ ብርድ እስከ ቀትር ደህና ይቆይ የነበረው ሽሮ እዚህ ክዳኑ ሲከፈት ኮምጥጦ አገኘነው። ያኔ የተማርኩት ትኩስ ወጥ ጨምሮ ወዲያው መክደን ስሕተት መሆኑን ነው። እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ እንጀራውን ያርሰዋል፤ ለብ እንዳለ የሚቆይ ምግብም ቶሎ ይበላሻል። አሁን ወጡን በሰፊ ሰሃን ላይ ዘርግቼ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው የምከድነው።

ለምሳ ዕቃ ከሁሉ የሚሻለው አዚፋ ነው እላለሁ። ድፍን ምስር ተቀቅሎ በስናፍጭ፣ በሎሚ፣ በቀይ ሽንኩርትና በጥቂት ዘይት ሲለወስ ቀድሞውኑ ቀዝቅዞ የሚበላ ምግብ ስለሆነ ልጁ «ምሳዬ በረደ» ብሎ አይመልሰውም፤ የሎሚው ኮምጣጣነትም እንዳይበላሽ ያግዘዋል። ለትንሹ ስናፍጩንና ቃሪያውን ይቀንሱለት። በቲማቲምና በዘይት የተሠራ ፍርፍርም አይፈስም። በሌላ ቀን ዳቦ በለውዝ ቅቤ እሰጣቸዋለሁ፤ ለዕረፍት ሰዓት ደግሞ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ከለውዝ ጋር። የታሸገ ብስኩት ሲገዙ ግን ጀርባውን ያንብቡ፤ የወተት ዱቄት ያለበት ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ድፍን ሽምብራ ወይም ባቄላ ጠዋት ጥዶ ለምሳ ማድረስ አይቻልም። ማታ ዘፍዝፈው ማለዳ ውሃውን ቀይረው ይጣዱት፤ የተቀቀለውንም ለማግሥቱ ያሳድሩት።

የዓረብ ገንዳ እናት፣ ደሴ

አብሽሩ እህቴ። የጉርሻው ነገር ልቤን ስለነካው ስለ እርሱ ብቻ ልጻፍ።

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ልጆቼም ከክርስቲያን ጓደኞቻቸው ጋር አብረው ነው ምሳ የሚበሉት። በወሎ ማዕድ የሚለየው ሥጋ ብቻ ነው። እኛ የክርስቲያን ሥጋ፣ እነርሱም የሙስሊም ሥጋ አንበላም፤ በዚህም የተነሣ ሠርግ ሲደገስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ከዚያም ሁሉም በአንድ ዳስ ተሰብስቦ ይጫወታል። ስለዚህ ልጆቻችን የሥጋ ጉርሻ መመለስን የሚያውቁት ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ነው፤ የሚቀየምም የለም። የእርስዎ ልጅ ያጣችው አመላለሱን ይመስለኛል። ልጄን ያስተማርኳት በባዶው እንዳትመልስ ነው፤ «ወጡ ይቅርብኝ፣ ብርቱካንሽን አካፍዪኝ» ትላለች፤ ያጎረሰቻትም ልጅ እጇ ባዶውን ስላልተመለሰ ደስ ይላታል።

ከዚህም በላይ ልጅዎ ቀድማ ታጉርስ። በሌላ ትንሽ ዕቃ ለጓደኞቿ የሚሆን ድንች ወይም አዚፋ ይጨምሩላት። የእርሷ ምሳ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም፣ ለጾመኛውም ላልጾመውም የሚሆን ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ማጉረስ የምትችለው እርሷ ናት። መምህርቷን ግን እርስዎ ራስዎ ሄደው ያነጋግሩ እንጂ ለልጅቱ አይተዉት።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ደሴ

የጾም ምግብ ጥሩ መሠረት ቢሆንም በጾምና በእናንተ አመጋገብ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ ጾም ይፈታል፣ የእናንተ ግን አይፈታም። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት በአስተማማኝ መጠን አይገኝም፤ የቦካ እንጀራም ቢሆን አይበቃም። የጾመ ሰው በፍስክ ወቅት ይካሳል፤ ጉበትም ለረጅም ጊዜ ስለሚያከማች ጉድለቱ ቶሎ አይታይም። በልጅ ላይ ሲታይ ግን ደም ማነስንና የነርቭ ጉዳትን ሊያመጣ ስለሚችል እስኪታይ መጠበቅ የለበትም። የ6 ዓመቱ ልጅ በቀን 1.2፣ የ9 ዓመቷ ደግሞ 1.8 ማይክሮግራም ያስፈልጋቸዋል፤ ይህንንም በእንክብል ወይም በጠብታ መልክ ሳታቋርጡ ስጧቸው። በዚህ ነጥብ ላይ ምንም ድርድር ሊኖር አይገባም።

ብረትን በተመለከተ ጤፍና ምስር ይሰጣሉ፤ ሊጡ መቡካቱም ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። በአዚፋው ላይ ያለው ሎሚም ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ ስለሚያግዝ የኮምቦልቻው ወንድማችን ምክር በሁለት በኩል ጥሩ ነው። ከምሳ ጋር ሻይ ግን አይስጧቸው። ለካልሲየም ሰሊጥና ጎመን ይብሉ፤ ጨውም አዮዲን ያለበት ይሁን፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም ይጨመር። የትንሽ ልጅ ሆድ ጎመንና ድንች ብቻ በልቶ ቶሎ ስለሚሞላ፣ ጉልበት እንዲያገኝ ለውዝ፣ ሱፍና ዘይት አይነፈገው።

በተለይ የማሳስበው ስለ ጓያ ነው። ርካሽ ስለሆነ በገበያ ሽሮ ውስጥ ሊቀላቀል ይችላል። በድርቅ ዓመታት በደላንታ በኩል ጓያን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል። ጥራጥሬ በየቀኑ ለሚበላ ቤት ሽሮውን እህሉን ራስ ገዝቶና ለቅሞ ማስፈጨት ይሻላል።

የገራዶ ልጅ

ለጉዞው ከገራዶ ይጀምሩ። ከደሴ ቅርብ ነው፤ በመስኖ የሚለማ ጎመን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ልጆቹ በእጃቸው ሊነቅሉና ሊለቅሙ ይችላሉ። በመስከረምና በጥቅምት ወደ ቦሩ ሜዳ ቢወጡ የባቄላ እሸት ያገኛሉ። ማሽላና ማሾ ለማየት ደግሞ ወደ ቃሉ መውረድ ነው። ቀኑን ሙሉ ለማሳለፍ ከፈለጉ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት።

የሚያውቁት ገበሬ ከሌለ ግን በሰው ማሳ ዝም ብለው አይግቡ፤ አስፈቅደው፣ ቡናና ስኳር ይዘው ይሂዱ። ወተት ወይም እርጎ ይቀርብልዎታል። «ጾመኞች ነን» ማለት ቢቀልም ልጆቹ ፊት መዋሸት ይሆናል፤ «ንፍሮና ቆሎ ይበቃናል» ቢሉ ንፍሮ የሌለው ቤት የለምና ማንም አይከፋም።

ደግሞ በሬ ተጠምዶ፣ ጅራፍም ሲጮህ ያያሉ። እንደ እናንተ ለእንስሳት የሚራራ ልጅ ያዝን ይሆናል፤ ገበሬውን የሚያሳዝን ቃል እንዳይወጣው አስቀድመው ያነጋግሩት። በምሳ ዕቃው ውስጥ ያለው እንጀራ የመጣው በእነዚያው በሬዎች ጉልበት መሆኑን መደበቅ አይገባም። አባቴ በሬዎቹን ሳያጠጣ ራሱ ውሃ አይቀምስም ነበር፤ ይህንንም ይዩ።

የሆጤዋ እናት፣ ደሴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ገራዶ ወረድን። ልጄ ጎመኑን ራሷ ቀጥፋ፣ ሰኞ ለጓደኞቿ ጭምር ይዛ ሄደች፤ ያቺ የተቀየመች ጓደኛዋም ከእርሷ እጅ ጎረሰች። ልጄ ስለ በሬዎቹ ማታ ብዙ ጠየቀኝ፤ ለሁሉም መልስ አልነበረኝም፤ ያለኝን ነገርኳት። መምህርቷን ነገ አነጋግራለሁ። ፋርማሲ ያገኘሁት ቢ12 ግን 1000 ማይክሮግራም የሆነ የአዋቂ እንክብል ነው፤ ለትንሹ ፈጭቼ በበሶ ብሰጠው ይሆናል?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ደሴ

መፍጨቱም በበሶ መስጠቱም ችግር የለውም። ይህን ያህሉን ግን በየቀኑ አያስፈልገውምና፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሰጠው ልጆቹን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ በመሄድ ያስወስኑ፤ በዚያው ክብደታቸውንና ቁመታቸውን ያስለኩ።