አማካሪው «80 ገጽ ቁረጪ» ብሏል፤ የልቦለዱን ረቂቅ ከየት ጀምሬ ልከልሰው?

የሌሊት ብዕር፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? የረጅም ልቦለድ ረቂቅ አለኝ፤ በኤ4 340 ገጽ፣ 95 ሺህ ቃል ገደማ። ታሪኩ ከ1975 እስከ 1986 ዓ.ም. አዲስ አበባና ደሴ ውስጥ ይካሄዳል፤ ትረካው በሁሉን አወቅ አንጻር ነው፤ ተራኪው የሁሉንም ሰው ሐሳብና ስሜት ያውቃል። በክፍያ የሚሠራ የድርሰት አማካሪ አንብቦ 11 ገጽ ግምገማና በየኅዳጉ ወደ 400 ማስታወሻ ልኳል። ባጭሩ፦ የመጀመሪያው 80 ገጽ ይውጣ፣ አንጻሩ ይጥበብ፣ ምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈን መተረክ) በዝቷል፣ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉም በአንድ አፍ ይናገራሉ።

ሥራውን ከየት ልጀምር? ኅዳጉ ላይ ያለውን አንድ በአንድ እያረምኩ ልሂድ ወይስ ሌላ ቅደም ተከተል አለው? የማልስማማበትንስ እንዴት ልመልስለት? ለሁለተኛው ዙር ክፍያ ጠይቋል፤ ከመክፈሌ በፊት በጽሑፍ መያዝ ያለበት ነገር ካለ ንገሩኝ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
እህቴ፣ 400ውን ማስታወሻ ለጊዜው አትንኪው። እሱን አንድ በአንድ ማረም የጀመረ ሰው ሁለት ወር ይደክምና በመጨረሻ ግማሹን የሠራው ሊቆረጥ ባለ ገጽ ላይ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የወለወሉት ዐረፍተ ነገር ለመቁረጥ ያሳሳል። ምዕራፉ ታሪኩን እንደማያራምድ እያወቅሽ «ግን እኮ ያቺ አንቀጽ…» እያልሽ ታስቀሪዋለሽ።

መጀመሪያ 11 ገጹን ግምገማ አንብቢና ለሳምንት ያህል ዝጊው። ከዚያ ረቂቁን ሳትነኪ አንድ ሰንጠረዥ ሥሪ። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ መስመር፤ ዓምዶቹም የገጽ ብዛት፣ ቀንና ቦታ፣ በማን ዓይን እንደሚታይ፣ ማን ምን እንደፈለገ፣ ምን እንደከለከለው፣ በምዕራፉ መጨረሻ ምን እንደተለወጠ። ዋናው የመጨረሻው ዓምድ ነው። እዚያ የምትጽፊው ካጣሽ ምዕራፉ ቋንቋው ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ትልሙ (የታሪኩ የክስተት ሰንሰለት) ውስጥ ግን ሥራ የለውም። ሰንጠረዡን ስትሞይ «ታወቀ»፣ «ተገለጸ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሚ፤ የአንባቢው እውቀት ጨመረ ማለት የሰዎቹ ሁኔታ ተለወጠ ማለት አይደለም።

ስለ 80 ገጹ፦ አማካሪው ልክ መሆን አለመሆኑን በቀላሉ መለካት ይቻላል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ወደ ኋላ መመለስ የማትችልበትን የመጀመሪያ ገጽ ፈልጊ። ያ ገጽ 90 አካባቢ ከሆነ ሰውየው ልክ ነው። በአማርኛ ረቂቆች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው፤ አያት፣ አባት፣ የእናት ጋብቻ፣ ልደት፣ ክርስትና ተዘርዝሮ ግጭቱ የሚነሣው አንባቢው ሲሰለች ነው።

ሆኖም እንደ አንድ ሙዳ ቆርጠሽ አትጣይው። ሙሉውን «ትርፍ» በሚል ሌላ ፋይል አስቀምጪና ከውስጡ አንባቢው ያለ እነሱ ታሪኩን ሊከተል የማይችላቸውን ነጥቦች ብቻ ልቀሚ። ከ8 እስከ 12 ቢሆኑ ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በሚያስፈልግበት ትዕይንት ውስጥ አስገቢ። አባቷ ታስረው እንደነበር ለመናገር ምዕራፍ አያስፈልግም፤ የቀበሌው ጥበቃ «የማን ልጅ ነሽ?» ሲላት የአባቷን ስም ከመጥራቷ በፊት ብትዘገይና እሱም ስሙን ሲሰማ እስክሪብቶውን ቢያስቀምጥ በቂ ነው። በዚህ ዓይነት 80 ገጽ ወደ 15 ገጽ ይወርዳል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ትልም፣ ምዕራፍ፣ ትዕይንት፣ ዐረፍተ ነገር፣ ፊደል ነው። እያንዳንዱ ለብቻው አንድ ዙር ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅዪ።

ስላለመስማማት፦ ማስታወሻዎቹን በሁለት ክፈያቸው። «አልገባኝም»፣ «እዚህ ዘለልኩ»፣ «ይህ ሰው ማን ነበር?» የሚሉት ላይ አትከራከሪ፤ ሰውየው ያልገባው ስላልገባው ነው፣ በማስረዳት አይስተካከልም፤ መጽሐፉ ሲወጣ አንቺ ከአንባቢው አጠገብ ተቀምጠሽ አታስረጂም። «እንዲህ ብታደርጊው» የሚሉት ግን የእሱ ሐሳብ ናቸው፤ መውሰድም መተውም ትችያለሽ። ለእሱ የምትመልሺው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የገጽ ቁጥር እየጠቀስሽ 5 ወይም 6 ጥያቄ። «ገጽ 147 ላይ ውሳኔዋ አላሳመነህም፤ ምክንያቷ ነው የጎደለው ወይስ ጊዜው ፈጠነ?» ዓይነት። «ቆንጆ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ ያው የይሉኝታ መልስ ነው።

ቦዝ አንቀጽ፦
በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ። በአንጻሩ ላይ ግን ለአማካሪው ሙሉ እጄን አልሰጥም። ሁሉን አወቅ ተራኪ በአማርኛ ልቦለድ የቆየ ነው፤ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ከእናት ልብ ወደ ልጅ ልብ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቷ መዝለል ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ 20 ገጽ አትሚና የእያንዳንዱን ሰው ሐሳብና ስሜት በየራሱ ቀለም አስምሪበት። በአንድ ትዕይንት ከሁለት ቀለም በላይ ከመጣ አንዱን መርጠሽ የሌሎቹን በድርጊትና በንግግር አሳዪ። ተራኪውን በሙሉ ወደ «እኔ» መቀየር ግን ሌላ መጽሐፍ መጻፍ ነውና አትቸኩዪ።

ኅዳጉ ላይ «አሳየኝ» የሚል ማስታወሻ በብዛት ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ ያለውን ለማለት ነው፦

«እናቷ ስለ ወንድሟ ሲጠይቋት ዘነበች በጣም ደነገጠች፤ እንዳይታወቅባት ፈራችና ወሬ ለመቀየር ሞከረች።»

ይህ መንገር ነው፤ ማሳየት ግን እንዲህ ነው፦

«‹ወንድምሽ ደብዳቤ አልጻፈም?› አሉ እናቷ። ዘነበች ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳበች። ‹ቶናው ደረሰ› አለች። አቦሉ ገና አልተቀዳም ነበር።»

ድንጋጤ የሚል ቃል የለም፤ ቡና ያፈላ ሁሉ ግን ምን እንደሆነች ያውቃል። ይህን በየአንቀጹ አታድርጊው። ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ቤት ተቀየሩ የሚለውን በአንድ መስመር ተርኪና እለፊ፤ ማሳየት የሚገባው ነገር የሚለወጥበት ቦታ ነው።

ምልሰት የበዛ የሚመስለው አንዳንዴ በቁጥር ሳይሆን በ«ነበር» ብዛት ነው። «አባቷ ቀደም ብለው መጥተው ነበር። ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው ነበር። ራዲዮኑን ከፍተው ነበር።» ይህ ያታክታል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ብቻ «ነበር» ብለሽ በሩን ክፈቺ፤ ከዚያ «ተቀመጡ፣ ከፈቱ» እያልሽ ሂጂ። ስትመለሺ የአሁኑን ትዕይንት ዕቃ ወይም ድምፅ በአንድ ቃል ጥሪ፤ ሲኒው፣ የበሩ ማንኳኳት። ትዕይንቱ ገና ሁለት ገጽ ሳይሞላው ወደ ምልሰት የምትገቢ ከሆነ ግን አማካሪው እውነቱን ነው፤ ያ ምልሰት ቦታው እዚያ አይደለም።

«በአንድ አፍ ይናገራሉ» ለሚለው ሦስት ገጽ ቃለ ምልልስ ወስደሽ ስሞቹንና «አለ፣ አለች» የሚሉትን ሰርዢ፤ ተናጋሪውን ለይቶ ማወቅ ካልተቻለ ችግሩ አለ። መፍትሔው ለአንዱ ገጸ ባሕርይ ተረትና ምሳሌ መጫን አይደለም፤ ያ አሻንጉሊት ያደርገዋል። ማን ለማን አንቱ፣ ማን ለማን አንተ እንደሚል ዝርዝር ያዢ፤ መቼ እንደሚቀየርም። ገጽ 60 ላይ አንቱ ይባል የነበረ ሰው ገጽ 200 ላይ አንተ ከተባለ በመሃል የሆነ ነገር መኖር አለበት። ካለ ትልቅ ትዕይንት ነው፤ ከሌለ ስሕተት ነው። ደግሞም ጥያቄ ሲጠየቅ ማን በቀጥታ ይመልሳል? ማን በጥያቄ ይመልሳል? ማንስ ዝም ይላል? ሰው የሚለየው በቃላቱ ብቻ አይደለም።

አንድ ልጨምር፤ የቦዝ (እንደ «ተነሥታ» ያለ፣ ዐረፍተ ነገር የማይዘጋ ግስ) ሰንሰለት። «ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ በሩን ቀርቅራ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ታክሲ ጠብቃ፣ ተሳፍራ ፒያሳ ደረሰች።» ሰባት ቦዝ ለአንድ ማሰሪያ አንቀጽ፣ ዐረፍተ ነገሩን ለሚዘጋው «ደረሰች»! ከእነዚህ ውስጥ ለታሪኩ የሚጠቅመው የትኛው ነው? በሩ ከሆነ ማሰሪያውን ለሱ ስጪው፦ «በሩን ቀረቀረችው። ፒያሳ ስትደርስ…»፤ ሌላው ይቅር።

ውል ይቅደም፦
ክፍያውን በተመለከተ፦ ሙሉውን አስቀድመሽ አትክፈዪ። በሦስት መክፈል ይሻላል፤ ሲጀመር፣ ግምገማው ሲደርስ፣ የተከለሰው ረቂቅ ዳግም ተነቦ ሲያልቅ። በአንድ ገጽ ውል ላይ የሚሰፍረው ደግሞ፦ ስንት ዙር እንደሆነ፤ በስንት ሳምንት እንደሚመለስ፤ የሚሰጥሽ ምን እንደሆነ፣ ማለትም የግምገማ ጽሑፍ ብቻ ነው ወይስ የኅዳግ ማስታወሻና የስልክ ውይይትም ይጨምራል፤ በገጽ የሚከፈል ከሆነ «ገጽ» ማለት ስንት ቃል እንደሆነ። የመጨረሻውን አትናቂው፤ በኤ4 በአንድ ተኩል ክፍተት የተጻፈና ያለ ክፍተት የተጨናነቀ ገጽ የዋጋው ልዩነት ብዙ ነው። በቃል ብዛት መዋዋል ይሻላል። ሦስት ሥራዎችን አንድ አድርጎ የሚያስከፍልም አለ፤ አማካሪ ስለ ታሪኩ አወቃቀር ይነግርሻል፣ አርታኢ ዐረፍተ ነገሩን ይሠራል፣ አራሚ ፊደልና ነጥብ ይለቅማል። ሁለተኛው ዙር የትኛው እንደሆነ አስጽፊው።

የባለቤትነት ጉዳይ፦ በቅጂ መብትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የሚገኘው ሥራውን በመፍጠር ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ቢነሣ ለማስረጃ ይጠቅማል። ሐሳብ የሰጠ ሰው ደራሲ አይሆንም። አማካሪው ራሱ ቁጭ ብሎ ትዕይንት ወይም ምዕራፍ ቢጽፍልሽ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ስለዚህ ሁለት መስመር አስገቢ፦ በሥራው ሂደት የሚያቀርበው ማንኛውም ጽሑፍ ኢኮኖሚያዊ መብቱ (የማሳተምና የመሸጥ መብቱ) ለደራሲዋ የተላለፈ ነው፤ ፋይሉን ለሦስተኛ ሰው አያሳልፍም። ከዚያም በላይ፣ ዐረፍተ ነገር እየጻፈ የሚሰጥ አማካሪ ካጋጠመሽ «ችግሩን ብቻ ጠቁመኝ» በዪው። 300 ገጽ ውስጥ የተሰገሰገ የሌላ ሰው አማርኛ አንባቢ ጆሮ ላይ ይጎረብጣል።

የሌሊት ብዕር፦
እናመሰግናለን፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ረሳሁ፤ ረቂቁ ግማሹ በፓወር ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መጻፊያ)፣ ግማሹ በዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጠቀሙበት የፊደል ሥርዓት) ነው የተጻፈው። አማካሪው ጋ የተወሰኑ ምዕራፎች ዝብርቅርቅ ብለው ተከፍተዋል። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠም የተቀላቀለ ነው።

አራሚው፦
ይህ ከሁሉም መቅደም ያለበት ነው። ፊደል ማረም የመጨረሻው ዙር ቢሆንም፣ ፋይል አንድ ማድረግ ግን የመጀመሪያው ነው። የቆየው ፓወር ግዕዝ አማርኛውን በላቲን ቁምፊዎች ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር የሚያየው ላቲኑን ነው። ሁሉንም በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አምጪና በአንድ ፎንት አድርጊው፤ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኢብሪማ አለ። ከቀየርሽ በኋላ ሏ፣ ቧ፣ ጧ፣ ኳ የመሰሉትን ፊደላት፣ ጥቅሶችንና አራት ነጥብን ከድሮው ጋር እያስተያየሽ እዪ። ለአማካሪው ሁልጊዜ ሁለት ፋይል ላኪ፤ የሚጽፍበት ወርድ፣ እንዴት መታየት እንዳለበት የሚያሳይ ፒዲኤፍ። በፋይሉ ስም ላይ የረቂቁን ቁጥርና ቀን ጻፊ፤ እሱ ጋ ያለውን ፋይል እስኪመልስ አንቺ አትንኪው። ሁለታችሁም በየፊናችሁ ካረማችሁ የማዋሐዱ ጣጣ ከክለሳው ይብሳል።

አራት ነጥብን ሁለት ነጥብ ደጋግመሽ የጻፍሽበት ቦታ ካለ በፍለጋ ሁሉንም ወደ አንዱ ምልክት ለውጪ፤ አለዚያ «ነበር።» ብለሽ ስትፈልጊ ግማሹን አያገኝልሽም። ሞክሼ ፊደላትን (እንደ ሰ እና ሠ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን) ግን «ሁሉንም ተካ» ብለሽ አትለውጪ። «ሰራ»ን በ«ሠራ» ስትተኪ «ሰራቂ»ም ይለወጣል። ከ60 እስከ 100 የሚሆኑ ቃላት ዝርዝር አውጪ፦ ሥራ፣ ኃይል፣ ፀሐይ፣ ዓለም፣ ሠርግ፣ ዐይን… የመረጥሽውን አጻጻፍ ከፊቱ አድርጊና እያንዳንዱን እያየሽ አስተካክዪ። ስም ላይ በተለይ ጥብቅ ሁኚ፤ ምዕራፍ 3 ላይ «ዓለሙ»፣ ምዕራፍ 9 ላይ «አለሙ» ካለ አንዳንዱ አንባቢ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል።

ዘመኑንም አማካሪው ላያነሣው ይችላልና ራስሽ ፈትሺ። 1975 ላይ ያለ ካድሬ የኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) አባል ሊሆን አይችልም፤ ኢሠፓ የተመሠረተው መስከረም 1977 ነው፣ ከዚያ በፊት ኢሠፓአኮ፣ ማለትም የፓርቲው አደራጅ ኮሚሽን ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ ያለው እርከን) እና ቀበሌ እንጂ ክፍለ ከተማ የለም፤ ደሴም ወሎ ክፍለ ሀገር ነው፣ ደቡብ ወሎ ዞን አይደለም። ቀን ከጠቀስሽ ዕለቱን በካሌንደር አረጋግጪ፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ማክሰኞ ነበር። ረቡዕ ዕለት ዶሮ የሚበላ ጾመኛ ካለሽም ወዲያው ስሕተት ነው አትበዪ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም።

የሌሊት ብዕር፦
ሰንጠረዡን ዛሬ ጀምሬዋለሁ። ከምዕራፍ 1 እስከ 6 የመጨረሻው ዓምድ ላይ የምጽፈው ያገኘሁት ለምዕራፍ 5 ብቻ ነው።